የዋና አዘጋጁ ለቅሶ

ጀርመኖቹን መጀመሪያ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ ከአክስቴ ልጅ ስለሚጀምር ነው። ታሪኩ ግን ከእሷ አይጀምርም። ሎስ አንጀለስ፣ ካልቨር ሲቲ በምሠራበት የሥዕል ጋለሪ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለችው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለቱ ገቡ፤ አንድ ረጅም ወንድና ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ቀጥታ ወደ እኔ መጥተው አንድ ቀጭን መጽሔት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ለባለቤቱ እንዳታሳዪ» ብለውኝ ወጡ።

ምሳ ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። በሥዕል ዓለም ላይ የሚሳለቅ መጽሔት ነበር፤ በጋለሪዎች፣ በገዢዎች፣ በሠዓሊዎቹ በራሳቸውም ጭምር። ሽፋኑ ላይ ጢሙ ደረቱን የሸፈነ ሽማግሌ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶውን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የገዙት፤ ሰውዬው ማን እንደነበር እነሱም አያውቁም። ረጅም የጀርመን ስም አውጥተውለት «ዋና አዘጋጃችን» ይሉታል። በየገጹ ዋና አዘጋጁ ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ያማርራል።

አልሳቅሁም። ልቤ ግን ይመታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ልክ በእንዲህ ያሉ መጽሔቶች ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የጀርመን ሠዓሊዎች በርካሽ ወረቀት እያተሙ በጄኔራሉም በቄሱም በነጋዴውም ያላግጡ ነበር። ፖሊስ ይወርሰዋል፤ በሌላ ስም ያወጡታል። ከአንድ እትም ያላለፈም አለ። በቤተሰባችን ውስጥ ስለ እነዚያ መጽሔቶች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይም ቢሆን ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። አሁን ደግሞ ሁለት ጀርመኖች፣ ለአንድ ዓመት በሠዓሊነት ተጋብዘው መጥተው፣ ያንን ነገር ጠረጴዛዬ ድረስ አመጡልኝ።

በመጽሔቱ ጀርባ የሚሠሩበት ክፍል እንደሚፈልጉ ጽፈው ነበር። ክፍሉን ያገኘሁላቸውም እኔ ነኝ። ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የማግዝበት ማርኬት ከኋላው ድሮ ቪዲዮ ይከራይበት የነበረ ክፍል አለው። ባለማርኬቱን ጋሼን አነጋገርኳቸው። ጋሼ ጀርመኖቹን ከላይ እስከ ታች አይተው «ቡና ያፈላሉ ወይስ ይጠጣሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም አያውቁበትም ስላቸው ቁልፉን ሰጧቸው። ጀርመኖቹ ከሁሉ በፊት ያደረጉት የዋና አዘጋጁን ፎቶ በትልቁ አሳትመው ግድግዳው ላይ መስቀል ነበር።

ለዚህ ሁሉ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጽሑፍ፣ በስሜ፣ እዚያ መጽሔት ላይ እንዲወጣልኝ።

ሁለት ሳምንት ሠርቼ አመጣሁላቸው። ጋለሪዎች ከሥዕሉ ጎን ስለሚለጥፏቸው መግለጫዎች ነበር የጻፍኩት። ሴቲቱ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። «በጣምም ፍትሐዊ ነው። የጋለሪዎቹንም ችግር አስረድተሻል።» ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቄያለሁ። «ግን ማንንም አያምም» አለችኝ። አስተካክዬ መለስኩላት። እንደገና አስተካከልኩት። በሦስተኛው ጊዜ ረጅሙ ወንድ «አንቺ እኮ በጣም ጨዋ ነሽ» አለኝና ሻይ አቀረበልኝ።

የአክስቴ ልጅ ወደዚያ ክፍል የገባችው ድራይቭ ስለምታደርግ ብቻ ነው። እኔ ፍሪዌይ እፈራለሁ። እሷ በዲቪ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግን ሆሊውድ ውስጥ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ተቀብላ ፓርክ ታደርጋለች፣ ስማቸውን የማታውቃቸውን መኪኖች ሁሉ ነድታለች። አንድ ክፍል ነው የምንጋራው። ያን ቅዳሜ አድርሳኝ ልትመለስ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ፈልጋ ተከትላኝ ገባች።

ጠረጴዛው ላይ የአንድ ጋለሪ መክፈቻ ፎቶዎች ተዘርግተው ነበር። ሰዎች ሥዕል ፊት ቆመው፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው። የአክስቴ ልጅ አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ሦስተኛውን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው ጥርሱን ያመመው ሁሉ እዚህ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ረጅሙ ጀርመን «ምን አለች?» አለኝ።

ተረጎምኩለት። ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሴቲቱ እርሳስ አንስታ እዚያው መሳል ጀመረች። በሁለተኛው እትም መሐል ሁለት ገጽ ሙሉ ወጣ፤ ጉንጫቸውን ይዘው በነጭ ክፍል ውስጥ ተራ የሚጠብቁ የሥዕል አድናቂዎች፣ ከታች የአክስቴ ልጅ ስም። እሷ ስሟን አይታ «ፎቶዬንም አያወጡትም ነበር?» አለች። መጽሔቱን መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ጣለችው፤ ለወር ያህል ሰው ሲቀመጥበት ነበር።

ተረብ ከእሷ ጋር ያደገ ነገር ነው። እኔም እሷም የተወለድነው አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ነው። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ የሚቀመጡ ልጆች ነበሩ፤ የሚያልፈውን ሁሉ ይተርባሉ። መልስ ያለው ቆሞ ይመልሳል፤ የሌለው በሌላ መንገድ ዞሮ ቤቱ ይገባል። እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ወደዚህ እስክመጣ ድረስ ዞሬ ነበር የምገባው። እሷ ከልጆቹ ጋር ድንጋዩ ላይ ትቀመጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጀርመኖቹ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚጠይቁኝ እሷን ሆነ። እሷ እንግሊዝኛው ለሥራ ይበቃታል፣ ለተረብ ግን አይበቃትም፤ ስለዚህ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ስለ አንድ ታዋቂ ሠዓሊ፦ «ለመግለጫው የደከመውን ለሥዕሉ ቢደክም የት በደረሰ!» ስለ እኔ ጋለሪ ባለቤት፣ አንዴ በመስታወት አይታው፦ «ይሄ ሰውዬ ልጁ ፈተና ወድቆበት ለሰው ያልተናገረ አባት ይመስላል።» እኔ ቃል እመርጣለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክላለሁ፣ በእንግሊዝኛ እንዲያስቅ አድርጌ አወጣዋለሁ። እነሱ ይስቃሉ። ሲስቁ ግን የሚያዩት እሷን ነው። ቀልዱ በእኔ አፍ ያልፋል፣ ሳቁ እኔን ዘሎኝ እሷ ዘንድ ያርፋል።

አንድ ቀን አውቄ አበላሸሁት። ስለ አንድ ትልቅ የብረት ቅርጽ «ሠሪውም ምን እንደሆነ ስላላወቀው ነው ከቤቱ ያወጣው» ብላ ነበር፤ እኔ «ቅርጹ ግልጽ እንዳልሆነ ታስባለች» ብዬ ተረጎምኩ። እንደዚያም ሆኖ ሳቁ። ስትናገር ፊቷን ያደረገችውን አይተው ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከመስኮቱ ፊቴን አላዞርኩም።

«ምነው ዘጋሽኝ?»

«አልዘጋሁሽም። ደክሞኝ ነው።»

«አንቺ እኮ ስትስቂ እንኳን አስቀድመሽ ይቅርታ ጠይቀሽ ነው። ሲከፋሽማ ፎርም ትሞያለሽ።»

ጥሩ ነበር። ይሄኛው ተረቧም ጥሩ ነበር። በሦስተኛው እትም ላይ ዋና አዘጋጁ ስለ አንዲት ጸሐፊው ሲናገር ቃል በቃል ወጣ። የነገረቻቸው እሷ ራሷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው።

ሦስቱ እትሞች በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጀርመኖቹ መጽሔቱ ሊዘጋ ነው አሉ። የተጋበዙበት ዓመት ሊያልቅ ነው፤ ደግሞም እንዲህ ያለ መጽሔት ካረጀ ይበላሻል ብለው ያምናሉ። የሚቀረው አንድ የመጨረሻ እትም ብቻ ነበር። እኔ በአንዱም አልወጣሁም።

ከማርኬቱ የመስታወት በር ላይ እንደምታውቁት የሐበሻ ማስታወቂያ ሁሉ ይለጠፋል፤ የሚከራይ ክፍል፣ የጉዞ ወኪል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለቅሶ። ከላይ መስቀል፣ ከመሐል ፎቶ፣ ከታች ጽሑፍ። ረጅሙ ጀርመን በገባ በወጣ ቁጥር ያያቸዋል፤ አንድ ቅዳሜ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቆሞ አያቸውና፣ «ዋና አዘጋጃችንን እንገድለዋለን» አለ። «የመጨረሻው እትም ሽፋን ይህ ይሆናል። ጻፊልን። ልክ እንደዚህ፤ አንድም ቀልድ የሌለበት። ይህን ከአንቺ በቀር የሚችለው የለም።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ጨዋነቴ ለአንድ ነገር ተፈለገ። ሽፋን! ከሽፋኑ ሥር ስሜ እንደሚሆንም ቃል ገባልኝ። በሩ ላይ የተለጠፉትን ሁሉ ደግሜ ደግሜ አነበብኩ፤ እንዴት እንደሚጀምሩ፣ የት ላይ «ሲሆን» እንደሚሉ፣ ሟቹን እንዴት እንደሚያከብሩ። ከዚያ ጻፍኩ፦

«በአገራቸው በጀርመን ተወልደው ኑሯቸውን በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ አድርገው የነበሩት፣ የብዙዎች አባትና መካሪ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በሕይወት ዘመናቸው ሦስት ልጆችን ያፈሩ ሲሆን፣ ማንንም ሳያስቀይሙ በሰላም ኖረዋል። ኀዘንተኞቹ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከማርኬቱ ኋላ ባለው ክፍል ይገኛሉ።»

ሦስቱ ልጆች ሦስቱ እትሞች ናቸው። «ማንንም ሳያስቀይሙ» የምትለዋን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰውዬው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሳይሰድብ የዋለበት ቀን የለም። ለረጅሙ ጀርመን ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀ፣ «ኦኬ፣ ትክክለኛ ይመስላል» አለ። አልሳቀም። ለአክስቴ ልጅ አሳየኋት።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ የእውነት ነው የሚመስለው። ቀልዱ የት አለ?»

«እዚያው ውስጥ ነው።»

«እንግዲህ ፈልገው ካገኙት።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት የመሰናበቻ ግብዣ ነበር። ጀርመኑ ሽፋኑን እንደ ግብዣ ካርድ ቆጥሮት፣ ከፎቶው ጋር በትልቁ አትሞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ በማርኬቱ በር ላይ ከሌሎቹ ጋር ለጠፈው። ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስመለስ አየሁት። ስሜ ስላልነበረበት የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ሰዎች ቆመው ሲያነቡት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። አራተኛው እትም ከዚያ በኋላ ይታተማል ተብሎ ነበር፤ አልታተመም። ስለዚህ ጽሑፌ የወጣው እዚያ በር ላይ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቢራው በረዶ ውስጥ ተቀምጧል። ወንበር ደርድረናል። መጀመሪያ የገቡት ባለማርኬቱ ጋሼ ናቸው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ረጅሙን ጀርመን በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉት። ከኋላቸው አንድ የታክሲ ሹፌር ሁለት ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ገባ። ከዚያ የዕድር ሴቶች፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ምስርና ጎመን በድስት ይዘው። አንዱ ሰውዬ ቢራዎቹን አይቶ፣ አንድ በአንድ እያነሳ ጠረጴዛው ሥር ደበቃቸው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ጋሼ ሁልጊዜ የጀርመኗ አባት እንደሆነ ነበር የሚያውቁት። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም፤ በትልቁ የሚሰቀል ሽማግሌ አባት ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል? በሩ ላይ ያዩትን ለሁሉም አዳረሱ። እዚህ አገር ሆኖ አባቱን ሳይቀብር መርዶ ሰምቶ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው፣ ሌላው አባት ሲሞትበት ቤቱ አይቀመጥም። ክፍሉ ሞላ፤ የቀሩት ከኋላ ያለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሙ።

ጎን ካለው ሬስቶራንት የሚያበስሉት እትዬ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡና የጀርመኗ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

«አባት እንደ ዋርካ ሲወድቅ በአገሩ፣
ልጆቹ በሰው ደጅ ጥላ አጥተው ቀሩ!»

ጀርመኗ አንድም ቃል ሳይገባት ማልቀስ ጀመረች። ረጅሙ ወንድ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «አንቺ ነሽ ያዘጋጀሽው? ተዋናዮች ናቸው?» አለኝ። አይደሉም አልኩት። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። መደንገጥ ነበረብኝ፤ ደግሞም ደንግጫለሁ። ከድንጋጤው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ይህን ሁሉ ሰው ያመጣው የእኔ ጽሑፍ ነው። የጥርሱ ቀልድ ማንን አስነስቶ ያውቃል?

ጋሼ ወደ አክስቴ ልጅ ዞሩ። እሷ ውሃ ታድላለች። «ለመሆኑ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ዘጠኝ ወራቸው ነበር፣ ጋሼ።»

«ምን?»

«የሞተው መጽሔቱ ነው። ሰውዬውማ ቢኖርም ባይኖርም አናውቀውም፣ ፎቶው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የተገዛው።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ በአራት ዓረፍተ ነገር። እኔ ብሆን ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

እትዬ የጀርመኗን አንገት ቀስ ብለው ለቀቁ። ጋሼ ከኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንድ ቅጂ ከጠረጴዛው አንስተው እንደገና አነበቡት። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙ።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

አፌን ልከፍት ስል የአክስቴ ልጅ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ለምን እንዳለችው አውቃለሁ። ፊቴን አይታ ነው፤ ጋሼ ሊያዋርዱኝ ነው ብላ ለእኔ አዝና ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበራትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

«አንቺ ባለጌ!» ጋሼ ጮሁ። «ሰው አባቱ ሞተ ብሎ ይቀልዳል? ይሄ ሰውዬ ከኤርፖርት ሥራውን ጥሎ ነው የመጣ! እኔ ሱቄን ዘግቼ!»

«ሱቁ ክፍት ነው ጋሼ፣ አሁን ቲማቲም ገዝቼ ነው የመጣሁት።»

«ዝም በይ!»

«እኔስ» አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ያለቀስኩትን ማን ይመልስልኛል?»

«ለሚቀጥለው ይያዝልዎታል፣ እትዬ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሌላ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ትከሻዋን መቷት፣ ግን እየሳቁ ነበር። ጋሼ ሁለት ጊዜ «እግዚኦ» ብለው በሦስተኛው አመለጣቸው። የታክሲ ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ «ማንንም ሳያስቀይሙ» ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ፈነዳ። በእኔ ቃል! ሁሉም ግን የሚያዩት እሷን ነው። «የማትረባ!» ይሏታል፣ ጉንጯን ይቆነጥጧታል። ስድቡ የእኔ ነበር። ያንን ስድብ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስፈልገው ኖሬአለሁ፤ እሷ እንደ ካፖርት ከፊቴ አንስታ ለበሰችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ማንም አልሰማም። ተነስቼ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሁሉም ዞሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ቁጣቸውን ጠበቅሁ። የእውነት ጠበቅሁት።

«ተይ እስቲ አንቺ ደግሞ» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«እውነቴን ነው። ሦስቱ ልጆች ማለት ሦስቱ…»

እትዬ እጃቸውን ፀጉሬ ላይ አሳረፉ። «አያችሁ ጨዋ ልጅ? ለእህቷ ብላ ነው። አሁን ይሄ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ያስባል?»

«እሷ ናት!» አለች የአክስቴ ልጅ። «እውነቷን ነው፣ እሷ ናት የጻፈችው!» ግን እየሳቀች ስለነበር ማንም አላመናትም። «አንቺ ዝም በይ፣ ይብቃሽ» አሏትና ድስቶቹን መክፈት ጀመሩ። ምግቡ መጥቷል፣ ሰው መጥቷል፤ ተመልሶ የሚወሰድ ነገር የለም። ተበላ። ቢራውም ከጠረጴዛው ሥር ወጣ።

ሰው መሄድ ሲጀምር ረጅሙ ጀርመን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የአክስቴ ልጅ ክፍሉ ማዶ የውሃ ጠርሙስ እየሰበሰበች ነበር።

«ተነስተሽ ምን አልሻቸው?» አለኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ በጣም ጨዋ ነሽ አሉኝ።»

አየኝ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። ዓይኗ ያበጠውን ጓደኛውን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው፣ በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ከራሴ አፍ በወጣ በራሴ ነገር ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። እኔ ልቀልድ አልነበረም። ሆኖም አላቋረጥኩትም።

የአክስቴ ልጅ ጠርሙሶቹን እንዳቀፈች መጣች።

«ምን ብለሽው ነው?»

«ምንም።»

«እንዴ፣ ምንም ብለሽው ነው እንዲህ የሚሆነው? ንገሪኛ! ምን አልሽው?» አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ፈገግታዋ አለ፣ ግን ከፊቷ ትንሽ ወደ ጎን ሄዷል። «ተርጉሚልኝ እንጂ!»

«ሲተረጎም አያስቅም» አልኳትና ወንበሮቹን መደራረብ ጀመርኩ።